ያልፈረምኩት ፊርማ በባሌ ኮት ኪስ ውስጥ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ37 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ነው። ከባለቤቴ ጋር 13 ዓመት በትዳር ስንኖር የ11 ዓመት ሴት እና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አፍርተናል። እሱ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፤ እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። የምንኖርበትን ቤት የሠራነው ከተጋባን በኋላ ነው። ቦታውን በማኅበር ስናገኝ የተመዘገበው እሱ ስለነበር ካርታው በእሱ ስም ነው፤ ጣሪያው የተመታው ግን በእኔ ዕቁብ ነው፤ ቆርቆሮውን ከጋሪ ላይ ያወረድኩትም እኔ ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጤፍ ስነፋ አንድ የማላውቀው ሰው ከደላላ ጋር መጣና አጥሩን በሜትር መለካት ጀመረ። ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና በትሕትና፣ «እትዬ፣ ይህ ግንብ የዚህ ግቢ ነው ወይስ የጎረቤት?» አለኝ። «ለምን ፈለግኸው?» ስለው ደላላው ክንዱን ያዝ አድርጎ ይዞት ወጣ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «ቤት ተሳስተው ነው» አለኝ፤ ሲናገር ግን የጠቀለለውን እንጀራ ሳይጎርሰው በእጁ እንደያዘ ቀረ።

በማግስቱ ኮቱን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የቤታችን የሽያጭ ውል ኮፒ ነው። ሻጮቹ እሱና እኔ ነን ይላል። ዋጋው 1 ሚሊዮን 200 ሺሕ ብር ነው፤ ጎረቤታችን አምና ከእኛ የሚያንሰውን ቤቱን የሸጠው ግን ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። ከውሉ ጋር የመታወቂያ ኮፒ ተያይዟል። ስሙ የእኔ ነው፤ የአባቴና የአያቴ ስም፣ የትውልድ ዘመኔም ልክ ነው፤ ፎቶው ግን ነጠላ የተከናነበች የማላውቃት ሴት ናት። እኔ ስሜን የምጽፈውም የምፈርመውም ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ እንዳስተማሩኝ በንጉሡ «ሠ» ነው፤ ውሉ ላይ የተፈረመው በእሳቱ «ሰ» ነው። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ከነበረበት መለስኩት፤ ኮቱንም ሳላጥበው ሰቀልኩት።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ከመቼውም በላይ ደግ ሆኗል። «ዘንድሮ ፍልሰታን ዘጌ እናትሽ ዘንድ ጹሚ፤ ልጆቹንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ሱባኤሽን ፈጽመሽ ትመለሻለሽ» እያለ የጀልባና የስንቅ ገንዘብ ሰጥቶኛል። እናቴ ሰምታ በደስታ እየጠበቀችን ነው። እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ብጠይቀው ትዳሬ ይፈርሳል፤ ዝም ብል ቤቴ ይሄዳል፤ ብከስ የልጆቿን አባት ያሳሰረች መባሌ ነው። ሴትዮዋስ ማን ናት? ሽማግሌ ልላክበት ወይስ ምን ላድርግ? እባክዎ ይምከሩኝ።

እኅትዎ፣ ከዓባይ ማዶ

መልስ

ውድ እኅቴ፣

ኮቱን ሳታጥቢው መልሰሽ የሰቀልሽበትን ቦታ ሳነብ ልቤ አዘነልሽ። 13 ዓመት አብሮሽ የኖረ ሰው ልብስ ተሰቅሎ እያየሽ፣ ምግቡን እያቀረብሽ፣ አጠገቡ እየተኛሽ ሦስት ሳምንት ብቻሽን ይህን ነገር መሸከምሽ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ቦታው መመለስሽ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆነሽ ልታደርጊው ከምትችይው ሁሉ የተሻለው ነበር። አሁን ያንን ፎቶ ለአንድ የምታምኛት እኅት ወይም ጓደኛ ዛሬውኑ ላኪላት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ሰው እጅም ይገባል።

ከጻፍሽው ሁሉ ያስፈራኝ የዘጌው ጉዞ ነው። ደብዳቤሽ የተጻፈው በሐምሌ ሚካኤል ማግስት ስለሆነ ፍልሰታ ሊገባ የቀረው ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው። ባለቤትሽ ከልቡ ለሱባኤሽ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከሩቅ ሆኜ ልፈርድበት አልችልም። ነገር ግን አጥሩን በሜትር የለካው ሰው ቤቱን ለመረከብ የሚቀረው ነገር ቢኖር ቤቱ ባዶ መሆኑ ነው፤ አንቺና ልጆችሽ ለ15 ቀን ከሐይቁ ማዶ ብትሆኑ ዕቃችሁን አውጥቶ ቁልፍ ለመቀየር ከበቂ በላይ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አትሂጂ። ምክንያት መፍጠርም ሰበብ መደርደርም አያስፈልግሽም፤ «ዘንድሮ እዚሁ ነው የምጾመው» ማለት ይበቃል፤ በሰፈርሽ ቤተ ክርስቲያን ማስቀደስ ትችያለሽ። ለእናትሽም ደውለሽ እንደማትመጪ ንገሪያቸው፤ ምክንያቱን ሌላ ቀን በአካል ብታስረጂያቸው ይሻላል። ይህን ስትነግሪው ፊቱ ላይ የምታነቢውን ነገር ግን ልብ በይ።

ቀጥሎ አንድ ነገር እንድታስቢበት እፈልጋለሁ። ዋጋው ለምን እንዲህ አነሰ? ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ነጋዴ፣ ያውም የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየቀኑ የሚከታተል ሰው፣ ቤቱን በገበያው ግማሽ ዋጋ የሚሸጥበት ምክንያት አይታየኝም። በአገራችን አራጣ አበዳሪዎች ገንዘብ ሲሰጡ ተበዳሪውን የቤት ሽያጭ ውል የሚያስፈርሙበት ልማድ አለ፤ ዕዳው በቀኑ ከተከፈለ ውሉ ይቀደዳል፣ ካልተከፈለ አበዳሪው «ገዛሁ» ብሎ ይመጣል። የእናንተ ጉዳይ ይህ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት አልናገርም። ሆኖም ባለፈው አንድ ዓመት የባለቤትሽ ሥራ እንዴት ነበር? ዕቃ በዱቤ ወስዶ ሳይከፍል የቀረበት፣ ስልክ ሲደወልለት ከቤት ወጥቶ የሚያነጋግርበት፣ የልጆች ክፍያ ሲደርስ የሚቆጣበት ጊዜ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ከፊትሽ ያለው ከሌላ ሴት ጋር ሊኮበልል የተዘጋጀ ባል ሳይሆን ዕዳው አፈር ያበላው፣ ለሚስቱ መናገር ያፈረ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ጥፋቱን አያጠበውም፤ በአንቺ ስም ሌላ ሴት ማስፈረም በየትኛውም ሚዛን ከባድ ነገር ነው። እሱን ስታነጋግሪ የምትጠይቂው ጥያቄ ግን በዚህ ይለያያል።

ስለ ሴትዮዋ ማንነት እንቅልፍ ማጣትሽ የሚጠበቅ ነው። በስምሽ፣ በአባትሽና በአያትሽ ስም የሌላ ሴት ፊት ተለጥፎ ማየት አንድ ሰው ቤትሽ ገብቶ ልብስሽን ለብሶ እንደ ማግኘት ነው። ይሁንና ውሽማው ናት ብለሽ አትደምድሚ። በእንዲህ ዓይነት ማጭበርበር «ሚስት» ሆና የምትቀርበው ሴት ብዙ ጊዜ ለአንድ ቀን በገንዘብ የመጣች፣ ባልየው ራሱ ስሟን በቅጡ የማያውቃት ልትሆን ትችላለች። ፎቶዋን ይዘሽ በየሰፈሩ አትጠይቂ፤ ወሬው ከአንቺ ቀድሞ ባለቤትሽና ደላላው ጆሮ ይደርሳል። እሷን መፈለግ የመርማሪ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። ካርታው በእሱ ስም መሆኑ ያስጨነቀሽ ይመስላል፤ ደጋግመሽ ጽፈሽዋል ባልልም ቆርቆሮውን ከጋሪ እንዳወረድሽ መጻፍሽ ይህንኑ ነግሮኛል። ሕጉ ግን ከአንቺ ጋር ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየትም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ያልፈረምሽበትን ውል ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅም ትችያለሽ። እዚህ ላይ ግን ቀን አለ፤ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 69 መሠረት አቤቱታው መቅረብ ያለበት ውሉ መኖሩን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣ ስለሆነ በአንቺ ጉዳይ የሚሠራውን አንቀጽና ቀን ጠበቃ ያረጋግጥልሽ፤ እስከዚያው ግን 6 ወሩ ኮቱን ከፈተሽሽበት ቀን ጀምሮ መቁጠሩን፣ ከእሱም ሦስት ሳምንቱ ማለፉን አስቢ።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የእንጀራ ርክክብሽን ጨርሰሽ የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሂጂ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ቢያንስሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከሎች አሉት፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም እንዲህ ያሉ የሴቶች ጉዳዮችን ለዓመታት ሲረዳ የቆየ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽን፣ የራስሽን መታወቂያ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የዕቁቡ ሰብሳቢ የጻፉልሽ ነገር ካለ እሱን፣ የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ ካለሽም እሱንም ይዘሽ ቅረቢ። የጋብቻ ወረቀቱ ከሌለሽ ደግሞ አትደንግጪ፤ ጋብቻ በሌላ ማስረጃም ይረጋገጣል። ባለሙያው የሚያዘጋጅልሽ ጥያቄ በዋናነት ሁለት ነው፦ ውሉ እንዲፈርስ፣ ያ እስኪወሰን ድረስ ደግሞ ቤቱ ወደ ሌላ ሰው ስም እንዳይዛወር ዕግድ እንዲሰጥ። ዕግዱ ሲሰጥ የቤታችሁ ማኅደር ላለበት የመሬት ጽሕፈት ቤት መድረሱን ራስሽ ሄደሽ አረጋግጪ፤ ከፍርድ ቤት የወጣ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ሰንብቶ ስም የተዛወረበት ሰው የሚያለቅሰው ዕንባ ብዙ ነው። ክረምት በመሆኑ የፍርድ ቤቶች መደበኛ ችሎት የሚዘጋበት ወቅት እየደረሰ ነው፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ ተረኛ ችሎት ስለሚኖር ግን «መስከረም ይጥባ» ብለሽ አታቆዪው።

ያ ሰውዬ ሜትሩን ይዞ ተመልሶ ቢመጣስ? አትሳደቢው፣ አታባርሪውም። እሱም ገንዘቡን የተበላ የዋህ ገዢ ሊሆን ይችላል፤ «እትዬ» ብሎ በትሕትና መጠየቁ የቤቱን እመቤት እያነጋገረ መሆኑን አለማወቁን ያሳያል ብዬ እገምታለሁ። ጎረቤት ጠርተሽ፣ ሁለት ሰው እየሰማ፣ «የዚህ ቤት ባለቤት ሚስት እኔ ነኝ፤ ቤቴን አልሸጥኩም፣ በማንኛውም ውል ላይ አልፈረምኩም» በይው። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ቢጨምር አላወቅሁም ማለት አይችልም።

ባለቤትሽን መቼ ታነጋግሪው? እኔ ብሆን የዕግድ አቤቱታው ከገባ በኋላ አደርገው ነበር። ዛሬ ማታ ብትጠይቂው ነገ ጠዋት ደላላው ሁሉን ነገር ያፋጥነዋል፤ ወይም ባለቤትሽ በፍርሃት ሌላ ስሕተት ይሠራል። ሲደርስ ደግሞ ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ፣ ልጆች በተኙበት አይሁን። አንድ የምታከብሩት ሰው፣ የንስሐ አባታችሁ ወይም የእሱ ታላቅ ወንድም፣ ባሉበት በቀን ይሁን። «ያቺ ሴት ማን ናት?» ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱ ጥያቄ እስከ ማታ ያጨቃጭቃችኋል እንጂ ስለ ቤቱ አንድ ነገር አያስገኝልሽም። ያነሣሽውን የውሉን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ «ስንት ዕዳ አለብህ? ለማን ነው? የሚከፈልበት ቀን መቼ ነው?» በይው። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ቢሆንም የእሱ ተራ ነውና አትሙይለት።

እውነቱን ካወጣው፣ ዕዳውን በስምና በቁጥር ከነገረሽ፣ ውሉ እንዲፈርስ ከአንቺ ጋር ፍርድ ቤት ለመቆም ከተስማማ፣ ያኔ ትዳሩን ለማቆየት የሚሆን መነሻ አለሽ ማለት ነው፤ መቆየት አለብሽ ግን አላልኩሽም። ከካደ፣ ወረቀቱን እያየ «ሐሰት ነው» ካለሽ፣ ወይም ካስፈራራሽ፣ ይህም መልስ ነው። እጁን ቢያነሣብሽ ወይም ቢዝትብሽ ልጆቹን ይዘሽ ወደ እኅትሽ ሂጂና ለፖሊስ አመልክቺ፤ ቤት ጠብቂ ያልኩሽ ነፍስሽን አደጋ ላይ ጥለሽ አይደለም።

ሽማግሌን በተመለከተ የምለው ይኼው ነው፦ ሽማግሌ መልካም ነው፣ ከዕግዱ በፊት ግን አይሁን። አባቶቻችን ሲያስታርቁ «ክሱን አንሺና እንነጋገር» ማለታቸው አይቀርም፤ ልባቸው ለትዳራችሁ ነው። እነሱ ለሦስት እሑድ ሲቀጣጠሩ ያ 6 ወር ግን እየሄደ ነው። ስለዚህ እሺ በያቸው፣ አክብሪያቸው፣ ተቀምጠሽም ስሚ፤ ክስሽን ግን የምታነሺው ውሉ መፍረሱን በጽሑፍ ስታዪ ብቻ ነው። ይህን ስትናገሪ ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አያስፈልግሽም።

ከሁሉ በላይ የከበደሽ «የልጆቿን አባት ያሳሰረች» መባሉ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ላባብልሽ አልፈልግም። ውሉን የማፍረስ ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ይህን ስትጠይቂ ማንንም አላሳሰርሽም፣ የራስሽን ድርሻ ጠየቅሽ እንጂ። ሐሰተኛ መታወቂያና ፊርማ ግን በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቁ ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ ወይም ፖሊስ ይህን ካየ በኋላ ነገሩ በአንቺ ፈቃድ ብቻ የሚቆም ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው ወደ ፖሊስ ከመሄድሽ በፊት ከሕግ ባለሙያው ጋር ቁጭ ብለሽ መነጋገር ያለብሽ። ነገር ግን አንድ ቀን ልጅሽ ብትጠይቅሽ፣ ያንን ፊርማ አንቺ እንዳልፈረምሽው፣ ሴትዮዋንም አንቺ እንዳላመጣሻት በሙሉ ልብ ልትነግሪያት ትችያለሽ። ያደረገው እሱ ነው፤ የሚመጣውም ነገር ከእሱ የመጣ ነው። ይህን ለራስሽ ደጋግመሽ ልትነግሪው ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ የሰፈር አፍ ሌላ ይላልና።

ልጆቹን በዚህ ነገር ውስጥ አታስገቢያቸው፤ «አባዬ ከማን ጋር ነበር?» ብለሽም አትጠይቂያቸው። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፤ የሆነ ነገር እንዳለ ሳይገባት አይቀርም። ዘጌ የማትሄዱት ለምን እንደሆነ ብትጠይቅሽ ቤት ውስጥ የምትጨርሺው ጉዳይ እንዳለ ንገሪያት፤ እውነትም ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቀድሞ የፈረምሽባቸውን ወረቀቶች ሁሉ አሰባስቢ፤ የባንክ ደብተር ማመልከቻ፣ የጋብቻ መዝገብ፣ የልጅሽ ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለምግብ ቤቶች ያስረከብሽበት ደረሰኝ ሳይቀር። ፊርማ በመርማሪ ሲመሳከር ከክርክሩ በፊት የተጻፈው በጣም ይጠቅማል፤ በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ የአባትሽ ንጉሡ «ሠ» በተደጋጋሚ ቆሞ፣ በዚህ ውል ላይ ብቻ ቦታውን ለእሳቱ «ሰ» ለቅቆ ከተገኘ ዳኛው ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ሰኞ አቤቱታው ተዘጋጅቶ ፈርሚ ሲሉሽ እጅሽ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ፣ እስኪረጋጋ ጠብቂና እንደ ልማድሽ ፈርሚ።